ጋሼ አሥር ሜትር ላይ ሳቱ

አጎቴ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ባለፈው ዓመት ሊጠይቁን ቨርጂኒያ መጡ። ምድር ቤት ውስጥ የአየር ጠመንጃዬን ሲያዩ ሳቃቸው መጣ። «ይሄማ የወፍ ማባረሪያ ነው» አሉ። አልተከራከርኩም። አሥር ሜትር ላይ ወረቀት ሰቀልኩ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር ሰጠኋቸው፣ አቀባብዬ አቀበልኳቸው። አምስት ተኮሱ። አምስቱም ወረቀቱ ላይ እንደ ሽንብራ ተበተኑ። አፈሙዙን አዩትና «ጠማማ ነው» ብለው ፈረዱ።

ጠማማ አልነበረም።

እዚህ አሜሪካ መሣሪያ የለመደን ሰው ወደ አየር ጠመንጃ ለመሳብ የሚወራው አንድ ዓይነት ነው። ርካሽ ነው፣ ጎረቤት አይረብሽም፣ ጥይት ከገበያ ሲጠፋ ያገለግላል። እውነት ነው። ግን ለነባር ተኳሽ እንዲህ ካልነው ንቀቱን እናጸናለታለን። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ይሳት።

እንደ እኔው ያለ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ቃታው ሲሳብ ከባድ ፒስተን ይለቃል። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል። ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ወደ ፊት ይነጥቃል። አብዛኛው ትርምስ የሚያልቀው እርሳሷ፣ ማለትም የአየር ጠመንጃዋ ጥይት፣ ገና ከአፈሙዝ ሳትወጣ ነው። ለባሩድ መሣሪያ የተሠራ የማነጣጠሪያ መነጽር እንኳ በዚህ ንጥቂያ ሊበላሽ ይችላል። ጋሼ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት ሰደፉን ትከሻ ላይ አጥብቆ መያዝ ነው። ለባሩድ ልክ ናቸው። እዚህ ግን በጨበጡት ቁጥር መሣሪያው በየተኩሱ ወደተለያየ ቦታ ይዘላል። መዳፍ ላይ ይረፍ እንጂ አይጨበጥም፤ ሞልቶ የተቀዳ ሲኒ እንደመያዝ ነው። ከተተኮሰ በኋላም ቀና ሳይሉ ለአፍታ መቆየት ያስፈልጋል። በታመቀ አየር የሚሠራውን ውዱን ዓይነት በመጀመሪያ ቀን የማልሰጠው ለዚህ ነው። ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋው ትንሽ ስለሆነ የአያያዝን ጥፋት ይሸፍናል።

«የልጅ መጫወቻ ነው» ለሚል ደግሞ ኦሊምፒክ አለ። የአሥር ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ገባ። የዒላማው እምብርት ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነችው እርሳስ ከመታችው ምንም አታስቀርለትም።

ለጋሼ ይህን ሁሉ አልደረደርኩም። ሽማግሌ ወታደርን ተኩስ ላስተምር ማለት ድፍረት ነው። «እስቲ ላላ አድርገው ይያዙት» ብቻ አልኩ። ዝም ብለው ተኮሱ። ከአምስቱ አራቱን በአንድ ብር ሳንቲም መሸፈን ይቻል ነበር። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ወረቀቱን ግን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ቡናው ቀርቧል፣ እሳቸው የሉም። ከታች ጧ፣ ጧ ይላል። ቆይተው የእርሳሱን ቆርቆሮ ይዘው ብቅ አሉ።

«ከአምስት መቶው ስልሳ ሦስት አጉድያለሁ» አሉኝ። «መዝግብ።»