የአኪሌስ ኩርፊያ፣ የሮላንድ ቀንደ መለከት፣ የኤል ሲድ ክስ

ጥያቄውን ያመጣችው ጠበቃዋ ናት። ከጥንትና ከመካከለኛው ዘመን የጀግና ግጥሞች መሃል አንዱ ጀግና አለቃችሁ ይሁን ብትባሉ ማንን ትመርጣላችሁ? ቡናው ገና ሁለተኛው ላይ ነበር። እስኪያበቃ ድረስ ሌላ ወሬ አልተወራም።

የሥነ ጽሑፍ መምህሩ «አኪሌስ» አለ፣ ምንም ሳያስብ። የሆሜር ግጥም የኢሊያድ ጀግና፣ ትሮይ ላይ የዘመተው ግሪካዊ። ዝና የሌለው ረጅም ዕድሜ ወይስ አጭር ዕድሜ ከማይጠፋ ስም ጋር? ይህ ምርጫ ቀርቦለት ስሙን የመረጠ ሰው ነው። ከዚህ በላይ ምን ጀግንነት አለ?

ጡረታ የወጡ መኮንን አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ሳቅ ብለው «መጀመሪያ ያደረገውን ንገራቸው እንጂ» አሉት። እሱ ዝም ሲል ራሳቸው ነገሩን። የግሪኮች ጦር አለቃ አጋሜምኖን በምርኮ የደረሰችውን ብሪሴይስን ነጠቀው። አኪሌስ አኩርፎ ከጦርነቱ ወጣ። ማኩረፉስ ይሁን፣ ተበድሏል። ግን በእናቱ በኩል የአማልክቱን አለቃ ዜውስን ያስለመነው ምን ብሎ ነው? የገዛ ወገኑ እንዲሸነፍ! ጓደኞቹ መርከባቸው ሥር እየወደቁ ዋጋው እንዲታወቅለት።

«ይሄ እኮ በየትኛውም ጦር ያስረሽናል» አሉ ጋሼ።

(ልመናው ወዲያው ዜውስ ጋ አልደረሰም። ሆሜር እንደሚለው ዜውስ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዶ ነበር፤ የሚመለሰውም በ12ኛው ቀን ነው። የዚያ ዘመን ግሪኮች በዚህ ስም የሚያስቡት አገር ከዛሬው ጋር አንድ ባይሆንም፣ አንዱ «እንግዳ ቶሎ መሸኘት ድሮም አናውቅበትም» ብሎ አስቆናል።)

ይህን ቀልድ የተናገረው ወጣት ድቁና ተምሮ ያደገ ነው። የሱ ምርጫ ሮላንድ፣ የድሮው የፈረንሳይ ግጥም ጀግና። አኪሌስ ለራሱ ክብር ሞተ፣ ሮላንድ ግን ለእምነቱና ለንጉሡ። ሊሞት ሲል ፊቱን ወደ ጠላት አዙሮ፣ የቀኝ እጁን ጓንት ወደ ፈጣሪው ዘርግቶ ነው። «ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነውር ነው» አለ፣ ትንሽ ተቆጥቶ።

ጋሼ ይህንንም ጀግና አልማሩትም። እንደውም ሮላንድ ላይ ባሰባቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ ከስፔን ሲመለስ ሮላንድ 20,000 ሰው ይዞ የኋላ ደጀን ሆነ። ጓደኛው ኦሊቨር ኮረብታ ወጥቶ ሲያይ የሚመጣው ጠላት ማለቂያ የለውም። ቀንደ መለከቱን ንፋ፣ ንጉሡ ይድረስልን ብሎ ደጋግሞ ለመነው። ሮላንድ ቤተሰቤን አላሰድብም ብሎ እምቢ አለ። ከሰዉ 60 ብቻ ሲቀር ነው መንፋት ያማረው። ያኔ ደግሞ ኦሊቨር ተቆጣ፤ የሞትነው ባንተ ግትርነት ነው አለው። በመጨረሻ ሊቀ ጳጳሱ ቱርፒን አስታረቋቸው። ይንፋ፣ ባያድነንም ንጉሡ ደርሶ ይበቀልልን፣ ይቅበረን ብለው። ሮላንድ ነፋ። በጣም ከመንፋቱ የተነሳ የጆሮ ግንዱ ደም ሥር ፈነዳ። የገደለው የጠላት ሰይፍ አይደለም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግጥም ሳይሆን የውጊያ ሪፖርት ነው የሚያነቡት» አለ ዲያቆኑ።

«ሪፖርቱንም አይተኸዋል?» አሉት። በ778 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በፒረኔ ተራሮች ላይ የሻርለማኝን የኋላ ጦር የመቱት የአካባቢው ሕዝብ ባስኮች ነበሩ፣ ክርስቲያኖች። ግጥሙ ግን ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በመስቀል ጦርነቱ ዘመን አካባቢ ሲጻፍ ጠላቶቹን ሙስሊሞች አደረጋቸው። ዲያቆኑ ይህን አልካደም። ገጣሚ ታሪክ ጸሐፊ አይደለም ብሎ አለፈው።

ጠበቃዋ እስካሁን ትሰማ ነበር። «የኔ ሰው ከሶ ያሸነፈው ነው» አለች።

ኤል ሲድን ማለቷ ነው። በንጉሡ በአልፎንሶ የተሰደደው የስፔኑ ሮድሪጎ ዲያዝ። ግጥሙ 3,700 ያህል ስንኝ አለው፣ ጀግናውም ጦር ሜዳ ላይ አይሞትም። ሁለት የመኳንንት ልጆች ሴት ልጆቹን አግብተው፣ ጫካ ውስጥ በኮርቻ ጠፍር ገርፈው፣ ሞተዋል ብለው ጥለዋቸው ሄዱ። አኪሌስ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር መገመት አይከብድም። ሲድ ግን ንጉሡ ዘንድ ከሰሰ። ቶሌዶ ላይ ችሎት ተሰየመ። ማንም እንዳይጎትተው ጢሙን በገመድ አስሮ ገባ። መጀመሪያ የሰጣቸውን ሁለት ሰይፎች ብቻ ጠየቀ። መለሱ፤ በዚህ ያበቃ መሰላቸው። ቀጥሎ 3,000 ማርክ ገንዘቡን ጠየቀ። ብሩን ስለበሉት ፈረስና በቅሎ እየተበደሩ ከፈሉ። የልጆቹን በደል ያነሳው ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱም በሕጉ መሠረት፣ ንጉሡ ባለበት በተደረገ ግጥሚያ። ተሸነፉ፣ ተዋረዱ። ከነሱ ወገን ውጭ ማንም አልተነካም።

«ሙግት አዋቂ!» አለች፣ እንደ ባልደረባዋ እየኮራችበት።

ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። መምህሩ ግን አልለቀቀም። ይኸው ሙግት አዋቂ ሲሰደድ ሁለት ሳጥን አሸዋ ሞልቶ፣ ወርቅ ነው ብሎ ከሁለት አበዳሪዎች 600 ማርክ አልወሰደም ወይ? ሰዎቹ ኋላ ቢጠይቁም ግጥሙ ተከፈላቸው አይልም።

«በይርጋ ታግዷል» አለች።

እኔን ስትጠይቁኝ ለአለቃነቱ ከሷ ጋር ነኝ። ሦስቱም የተነሱት ከአንድ ነገር ነው፤ ክብሬ ተነካ ወይም ይነካል ከሚል። ልዩነቱ ሒሳቡን ማን ከፈለው የሚለው ላይ ነው። የአኪሌስን ጓደኞቹ፣ በመጨረሻም የሚወደው ፓትሮክለስ ከፈሉ። የሮላንድን 20,000 ሰው። የሲድን የበደሉት ራሳቸው። የዲያቆኑ ሚዛን፣ ለማን ሞተ የሚለው፣ ይህን አያሳይም። ጥንትና መካከለኛው ዘመን የሚለው ክፍፍልም አይረዳም፤ ሮላንድና ሲድ በዘመን ጎረቤት ናቸው፣ በጠባይ ግን አይተዋወቁም።

መምህሩን ግን ባዶ እጁን አልሸኘውም። በኢሊያድ መጨረሻ ሽማግሌው የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም በሌሊት ወደ አኪሌስ ድንኳን ገብቶ፣ ልጆቹን የገደሉትን እጆች ስሞ የልጁን የሄክቶርን ሬሳ ይለምናል። አኪሌስ የገዛ አባቱ ትዝ ይለውና ሁለቱም ያለቅሳሉ። አብረው ይበላሉ። ለቀብሩም 11 ቀን ተኩስ አቁም ይሰጠዋል እንበል፣ በጋሼ ቋንቋ። የሮላንድ ገጣሚ የጠላትን ጉብዝና ያደንቃል፣ ይህን ግን አያደርግም። ሲድም ሙስሊም ወዳጅ አለው፤ ሆኖም እሱ ራሱ ልጁን ከገደለበት አባት ጋር ማዕድ አልቀረበም። ስለዚህ እነ መምህሩ ሁለት ጥያቄ ነው የደባለቁት። ከማን ጋር ልዝመት ካላችሁኝ ከሲድ ጋር። የቱን ግጥም ደግሜ ላንብብ ካላችሁኝ ግን፣ የዚያን የማይታዘዝ ወታደር።