መርከቧ ጅቡቲ ደረሰች

ሰኔ ግም ሲል ጎጃም ውስጥ የማይቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ዝናቡና ማዳበሪያ የጫነችው መርከብ። ዝናቡ ማሳ ላይ ይወርዳል። መርከቧ ዜና ላይ ትራገፋለች።

ቡሬ ውስጥ ባለች አንዲት ጠላ ቤት ቴሌቪዥኑ የመርከቧን ነገር ዕለት በዕለት ይነግረናል። ወደብ መድረሷ ተገለጸ። ማራገፍ መጀመሯ ተገለጸ። አራግፋ ማጠናቀቋም ተገለጸ። ሌላ መርከብ መንገድ ላይ መሆኗ ተጠቆመ። ከወንበርማ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጣሳቸውን አስቀመጡና «ከዚህች መርከብ ጋር አበልጅ ለመሆን ምን ቀረን? ስትመጣ ነገሩን፣ ስትራገፍ ነገሩን። የእኔን ኬሻ ግን አየሁ የሚል ሰው የለም» አሉ። ሐምሌ ገብቶ በቆሏቸው ጉልበት ደርሷል፤ የሚጠብቀው ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ የተበተነ ዩሪያ ደግሞ የሚተርፈው ለአረሙ ነው። በቆሎ ዜና ሰምቶ አይለመልም።

የመንግሥቱ ዜና ሲሰለቸን የጠላ ሻጯ ልጅ ስልኩን ያወጣል። እዚያ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በቀይ ፊደል «አሁን የደረሰን! ሀገር ጉድ ያሰኘው የማዳበሪያ ምስጢር ፈነዳ! እስከ መጨረሻው ይመልከቱ!» ይላል። ከሥሩ እጁን በራሱ ላይ የጫነ ባለሥልጣን አለ፤ ፎቶው ከለቅሶ ቤት የተወሰደ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ኬሻ በቀይ ክብ ተከቧል። ጥግ ላይ ሄሊኮፕተር አለ፤ ሄሊኮፕተሩ ምን ሊሠራ እንደመጣ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። አቅራቢው የአባይን በረሃ እስከ ደጀን በሩጫ እንደወጣ ሰው ያለከልካል። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቱ በፊት ቤተሰብ እንድንሆን፣ ደወሏን እንድንጫን፣ ለወዳጅ ዘመድ እንድናጋራ ይለምናል። ቀጥሎ የስኳር በሽታን ከሥሩ የሚነቅል ቅጠል ያስተዋውቃል። መጨረሻ ላይ ምስጢሩ ይወጣል፤ ማዳበሪያ በወቅቱ አልደረሰም! ይህንንማ ከእኛው ሰምቶ ነው።

ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ እንጂ አንዱ የሌላውን እንጀራ የሚጋግሩ ባልንጀሮች ናቸው። ባለሥልጣኑ ዝም ባለ ቁጥር ጯሂው ተመልካች ያገኛል። ጯሂው በጮኸ ቁጥር ባለሥልጣኑ «በማኅበራዊ ሚዲያ የሚናፈሰው ወሬ ከእውነት የራቀ ነው» የሚልበት ሰበብ ያገኛል። እውነቱስ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መርከቧን ይጠቅሳል።

በስብሰባማ አይጣል ነው። «የአርሶ አደሩ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ተሟልቷል፤ የሚቀሩ አንዳንድ ክፍተቶች አሉ» የሚል ሪፖርት በአንድ ትንፋሽ ይነበባል። አንድ ገበሬ እጁን አውጥቶ ኬሻው የት እንደደረሰ ቢጠይቅ «ጥሩ አስተያየት ነው፤ እንደ ግብዓት ወስደነዋል» ይባላል። ግብዓት ሊጠይቅ ሄዶ ግብዓት ሰጥቶ ይመለሳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አርሶ አደሩ ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ አቤት ብሏል። ገበሬ በዘር ወቅት ሞፈሩን ሰቅሎ ከተማ የሚገባው ሽርሽር አምሮት አይደለም።

የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚባል ሕግ አለን። የሚመለከተው በብሮድካስት፣ በኅትመትና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰራጨውን ሐሰት ነው። በሦስት ቅጂ ተባዝቶ፣ ማኅተም አርፎበት ለበላይ አካል የሚላከው ሐሰት ግን ስሙ የሩብ ዓመት አፈጻጸም ነው፤ አንዳንዴም ያሸልማል።

በእኔ ግምት በአካባቢያችን ታማኙ የዜና ምንጭ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ዘበኛ ናቸው። ቀይ ፊደል አያውቁም፤ «ተገለጸ» አይሉም፤ ቅጠልም አያስተዋውቁም። አንድ ማለዳ ፎጣውን ተከናንቦ የመጣ ጎረቤቴ «አባባ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ቢላቸው ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሳይወጡ «ማታ አንድ አይሱዙ ገብቷል፤ ሁሉም ኤንፒኤስ፣ የዘር ጊዜው ማዳበሪያ ነው፤ ዩሪያ የለም። ሰልፉ ከአንተ በፊት ሞልቷል፤ ዛሬ አይደርስህም፤ ሄደህ አርም» አሉት። መቼ ገባ፣ ምን ገባ፣ ለማን ይደርሳል፤ ሁሉም አለበት። ባለ ብዙ ሺህ ተመልካቹ ጣቢያና ባለ ብዙ ገጹ ሪፖርት ክረምቱን ሙሉ ይህችን ታህል መናገር አቅቷቸው ነው የከረሙት።