መጀመሪያ ሐይቁ ይጉደል

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2023 ሌሊት በህንድ ሲኪም ግዛት፣ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የሳውዝ ሎናክ ሐይቅ ገደቡን ጥሶ ወጣ። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከ70 በላይ የሚሆኑት የገቡበት ጠፋ። ቹንግታንግ ከተማ አጠገብ የነበረውን የ1,200 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጫ ግድብ ጎርፉ ጠራርጎ ወሰደው።

ብዙዎች የተፈጥሮ አደጋ ነው ብለው አለፉት። እኔ በዚህ አልስማማም።

ሐይቁን ይዞ የቆየውን ገደብ ማንም መሐንዲስ አልሠራውም። ግግር በረዶው ድሮ እየገፋ ያመጣው የድንጋይና የአፈር ቁልል ነው። በረዶው እየቀለጠ ወደኋላ ሲሸሽ፣ ለቆት በሄደው ጎድጓዳ ቦታ ውሃ ይጠራቀማል። ቁልሉ ውስጥ የተቀበረ በረዶ ካለ እሱም ይቀልጥና ገደቡ ከውስጥ ይላላል። ከሁሉ የከፋው ግን ከላይ የሚወድቀው ነው። ሳውዝ ሎናክ ላይ የሐይቁ ዳር ተንዶ ውሃው ውስጥ ገባ። 20 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ማዕበል ተነሳ። ማዕበል አንዴ አፋፉን ካለፈ መውጫውን ይቦረቡረዋል። መውጫው ሲሰፋ ብዙ ውሃ ይወጣል፤ ብዙ ውሃ ሲወጣ መውጫው የባሰ ይሰፋል። በዚህ መንገድ 50 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ ወደ ቲስታ ወንዝ ሸለቆ ወረደ።

ተመራማሪዎች ይህን ሐይቅ ከዓመታት በፊት አደገኛ ብለውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ውሃውን በቱቦ ለማጉደል ተሞክሯል፤ ግን አልበቃም። በዓመቱ ከታች የነበረው ትልቁ የቹንግታንግ ግድብ ሥራ ጀመረ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለተርባይን ገንዘብ አልጠፋም።

ሐይቅ ማጉደል ደግሞ ተሠርቶ የታየ ነገር ነው። በፔሩ የፓልካኮቻ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1941 ሁዋራዝ ከተማን መትቶ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ አገሪቱ በርካታ ሐይቆቿን በቦይና በቱቦ አጉድላለች። ኔፓልም እ.ኤ.አ. በ2016 ኤቨረስት አጠገብ ያለውን የኢምጃን ሐይቅ ከ3 ሜትር በላይ ዝቅ አድርጋለች። እዚያ ከፍታ ላይ መሥራት ከባድም ውድም ነው። 3 ሜትር ማጉደልም ትልቅ ማዕበልን ላያስቆም ይችላል። ስለዚህ ሸለቆው ውስጥ ላለው ሰው የማስጠንቀቂያ ሳይረን የግድ ነው።

ቹንግታንግ ላይ የፈረሰው ግድብ እንደገና እንዲሠራ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የመንግሥት ባለሙያዎች ኮሚቴ ድጋፉን ሰጥቷል። ሐይቁ ሳይጎድል፣ ሳይረኑ ተተክሎ ሳይሞከር፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲሚንቶ መፍሰስ የለበትም። የማጉደሉንና የሳይረኑን ወጪም የሚችለው ከወንዙ የሚያተርፈው ኩባንያ መሆን አለበት።