ድቡንና ማግማውን ማን አጣላቸው?

ስለ ታዋቂ አለቶች የሚጻፍ ነገር ሳነብ ሁሌ የሚያናድደኝ ልማድ አለ። መጀመሪያ የነባሩ ሕዝብ አፈ ታሪክ ይተረካል፤ ከዚያ «እውነታው ግን» ተብሎ ጂኦሎጂው፣ ማለትም የመሬትና የድንጋይ ሳይንሱ ይከተላል። አፈ ታሪኩ ማጣፈጫ፣ ሳይንሱ መልስ ይሆናል። አንባቢም ፈገግ ይልና «አይ የድሮ ሰው» ብሎ ያልፋል። የድሮ ሰው የተባለው ሕዝብ ግን ዛሬም አለ፤ ታሪኩንም ለልጆቹ እየነገረ ነው።

አሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ ያለውን ዴቭልስ ታወር ውሰዱ። ከሥሩ እስከ ጫፉ 264 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች የተሰነጣጠቀ አለት ነው። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ላኮታዎች ማቶ ቲፒላ፣ የድብ ቤት ይሉታል። ሌሎቹ ነባሮች ካዮዋዎች ደግሞ እንዲህ ይተርካሉ። ሰባት ልጃገረዶች ሲጫወቱ ድብ ያሳድዳቸዋል። ትንሽ ድንጋይ ላይ ወጥተው አድነን ብለው ይለምኑታል። ድንጋዩ ወደ ላይ ያድጋል፤ ድቡ እየዘለለ በጥፍሩ ይቧጥጠዋል፤ ልጆቹም ሰማይ ደርሰው ሰባቱ ከዋክብት ይሆናሉ። ስንጥቆቹ የድቡ ጥፍር ያረፈባቸው ናቸው።

ጂኦሎጂው ደግሞ እንዲህ ነው። የዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከታች የወጣ ማግማ፣ ማለትም የቀለጠ ድንጋይ፣ ቀዝቅዞ ጠጠረ። ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና ልክ ኩሬ ሲደርቅ ጭቃው እንደሚሰነጣጠቀው ተሰነጣጠቀ። ስንጥቁ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ረጃጅም ዓምዶች ሠራ፤ ብዙዎቹ ባለ ስድስት ጎን፣ አንዳንዶቹ ባለ አምስት ወይም ባለ ሰባት። ከዚያ በዙሪያው የነበረውን ለስላሳ ድንጋይ ውሃ በሚሊዮን ዓመታት ጠርጎ ወሰደው፤ ጠንካራው ብቻውን ቀረ። ግን ይኼ ነገር የእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ነበር ወይስ መሬት ላይ ሳይወጣ እዚያው የጠጠረ ማግማ? ጂኦሎጂስቶች እስካሁን አልተስማሙም። ይህን የምለው ሳይንሱን ለማጣጣል አይደለም፤ እንዲያውም ክርክሩ ነው ደስ የሚለኝ። ግን «እውነታው ግን» የሚለው አረፍተ ነገር ክርክሩን ሲጠቅስ አይታይም።

ደግሞስ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ነው እንዴ የሚመልሱት? የካዮዋ ታሪክ ስለ ማግማ ቅዝቃዜ ምንም አይልም። የሚለው ነገር እነዚያ ከዋክብት ዘመዶቻችን ናቸው፣ ይህ ቦታም ያዳነን ነው ነው። ዛሬ የካዮዋ ሕዝብ ማዕከል ኦክላሆማ ነው፣ ከአለቱ በጣም ሩቅ። አለቱን በየቀኑ የማያይ ሕዝብ ታሪኩን ይዞ ቆይቷል። ድንጋዩ እንዴት እንደተሠራ ለማስረዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን የሚሸከመው አይመስለኝም።

አውስትራሊያ ውስጥ ያለው ኡሉሩ የተባለ ግዙፍ አለት ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል። የአካባቢው ነባር የሆነው የአናንጉ ሕዝብ ኩኒያ ስለምትባል ሴት ዘንዶ ይናገራል። ሊሩ የተባሉት መርዘኛ እባቦች የወንድሟን ወይም የእህቷን ልጅ በጦር ወጉት። እሷም በንዴት መጥታ አንዱን ሊሩ በመቆፈሪያ ዱላዋ ራሱን መታችው። የምቱ ምልክት ሙቲጁሉ በተባለው የውሃ ጉድጓድ በኩል ባለው የአለቱ ፊት ላይ ዛሬም ይታያል። የአናንጉ ሰዎች ለጎብኚ የሚነግሩት ለልጆቻቸው የሚነግሩትን ያህል ነው፤ የቀረው ለባዳ አይወጣም። ፎቶ እንዳይነሳ የተከለከለባቸው ቦታዎችም አሉ። ስለዚህ እኛ «አፈ ታሪክ» ብለን ከጂኦሎጂ መጽሐፍ ጎን የምናስቀምጠው የመዋዕለ ሕፃናቱን ክፍል ነው ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ «ቀለል ያለ ነው» እንላለን!

የኡሉሩ ጂኦሎጂ ራሱ ተረት ይመስላል፣ እውነቴን ነው። የዛሬ 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተክል ያልነበረባቸው ተራሮች ነበሩ። ዝናብ አሸዋቸውን እያጠበ ወደ ሜዳ አወረደው። አሸዋው ተከማቸ፣ ታመቀ፣ ድንጋይ ሆነ። በኋላ ምድር ስትታጠፍ ያ ተጋድሞ የነበረ ንጣፍ በጎኑ ቆመ፤ ዛሬ ንብርብሮቹ ቀጥ ብለው ሊቆሙ ምንም አልቀራቸውም። ከሜዳው 348 ሜትር ከፍ ብሎ የምናየው ጫፉን ብቻ ነው፤ የቀረው ከመሬት በታች ነው። ቀዩ ቀለምም ዝገት ነው፤ ድንጋዩ ገና ሲሰበር ውስጡ ግራጫ ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው በኩል ያለውን ፋሽን ላንሳ። በአሜሪካ ኦሪገን ያሉት ነባር ሕዝቦች ክላማዞች ላኦ የተባለው የምድር ውስጥ መንፈስ ከሰማዩ መንፈስ ስኬል ጋር ስለተዋጋ፣ እሳት ስለዘነበ፣ ተራራውም ስለተደረመሰ ይናገራሉ። ማዛማ የተባለው እሳተ ገሞራ የዛሬ 7,700 ዓመት ገደማ በእርግጥ ፈንድቶ በራሱ ላይ ተደርምሷል። ጉድጓዱ ዛሬ ክሬተር ሌክ የተባለ ሐይቅ ነው፣ 594 ሜትር ጥልቀት ያለው። ሰዎች በዚያ ዘመን እዚያ ነበሩ፤ ፎርት ሮክ ዋሻ ውስጥ ከተራራው አመድ ንብርብር ሥር ከቁጥቋጦ ልጥ የተሠሩ ጫማዎች ተገኝተዋል። ደስ ይላል፣ አይካድም። እንዲህ ያለውን ግንኙነት የሚያጠናው ጂኦሚቶሎጂ የሚባል ዘርፍም አለ።

የሚከነክነኝ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። «አያችሁ፣ ሳይንስ አረጋገጠላቸው፤ ስለዚህ ይከበሩ» ይባላል። እሺ፣ ታዲያ ያልተረጋገጠለት ድብ ምን ይሁን? የሊሩስ እባብ? አፈ ታሪክ የሚከበረው ጂኦሎጂስት ማኅተም ሲመታበት ብቻ ከሆነ፣ ያው የድሮው ንቀት ነው፤ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ግን መሬት ላይ የሚደረግ ነገር አለ። አናንጉዎች ኡሉሩ ላይ አትውጡ እያሉ ለዓመታት ሲለምኑ ሰው ሰልፍ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ወጥተው የሞቱም ብዙ ናቸው። መሬቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ተመለሰላቸው፤ መውጣት በይፋ የተከለከለው ግን በ2019 ነው። 34 ዓመት! አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የናቫሆ ነባር ሕዝብ ባለ ክንፉ አለት በሚሉት ሺፕሮክ ላይ መውጣትን ከ1970 ጀምሮ ከልክሏል፤ መሬቱ የራሳቸው ነውና ማንንም መለመን አላስፈለጋቸውም።

ዴቭልስ ታወር ላይ ግን ከ1995 ጀምሮ ያለው ልመና ነው። የጁን ወር ለነባሩ ሕዝብ የሥርዓት ጊዜ ስለሆነ፣ አለት ወጪዎች በፈቃዳቸው እንዲተዉት ይጠየቃሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፤ መንግሥት ለሃይማኖት ያዳላል ወይ የሚል ክርክር ተነስቶበት። ብዙ ሰው ይተዋል፣ የማይተውም አለ። ክርክሩ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፤ መንግሥት የማንንም እምነት በግድ ማስከበር የለበትም የሚለውም ሐሳብ ውሃ ያነሳል። ቢሆንም እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጁን ጭራሽ ዝግ ይሁን ነው የምለው። 11 ወር ክፍት ነው፤ ለመውጣት ይበቃል።