ዲሲ እየለመኑ ይወጉሃል
ዲሲ ውስጥ ከመስከረም ጀምሮ የኢንፍሉዌንዛ (የብርቱ ጉንፋን) ክትባት ሰው እየተከተለ ይለምናል። ወተት ልትገዛ ሱፐርማርኬት ስትገባ የፋርማሲው ማስታወቂያ "ተከተቡ" ይልሃል። አስም ወይም ሌላ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ካለብህማ ሐኪምህ ሳይጠይቅህ አያልፍም። ኢንሹራንስ ላለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው።

የኛ ሰው ግን እዚያም ሆኖ ይሸሻል። "አምና ተወግቼ አይደል እንዴ የታመምኩት!" የማይል ሐበሻ ብርቅ ነው። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ የለውም፤ ኢንፍሉዌንዛ ሊያሲዝ አይችልም። ክንድ ያሳምማል፣ ትንሽ ያተኩስ ይሆናል፣ በቃ። መከላከያው እስኪጠነክር ግን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚያ መሃል የያዘንን ሁሉ በመርፌው እናላክካለን።

አዲስ አበባ ደግሞ የሚለምን የለም። ፒያሳ አካባቢ ዕድሜያቸውን በጭስ ቤት እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እማማ አሉ። በአፍ የሚሳበው የሳንባ መድኃኒት፣ ፓፍ፣ ከእጃቸው አይለይም። ክረምት ላይ ጉንፋን ከያዛቸው ኦክስጅን ላይ ናቸው። ድሮውንም የጠበበ የአየር ቧንቧ ኢንፍሉዌንዛ ሲጨመርበት ያብጣል፣ በአክታ ይሞላል፣ የሳንባ ምችም ሊያስከትል ይችላል። ስለ ክትባቱ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

"ልጄ፣ ክትባት የሕፃን አይደል እንዴ?"

እውነታቸውን ነው። በመደበኛው የክትባት ፕሮግራማችን ውስጥ የለም። ትልቅ ሰው ክትባት ትዝ የሚለው ሐጅ ሲሄድ ወይም ኮቪድ ሲመጣ ነው። ፋርማሲ ገብቼ ብጠይቅ አንዱ የለም አለኝ፤ ሌላው አሞክሳሲሊን አወጣልኝ። (ቫይረስ ላይ ምንም አይሠራም፤ ሰፈራችን ግን ከዳማከሴ ቀጥሎ የሚታመነው እሱ ነው።)

እኛ ዲያስፖራዎች ፓፍ በሻንጣ እናመጣለን። ክትባቱ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ቫይረሱም ስለሚለዋወጥ በየዓመቱ መወጋት ያስፈልጋል። በሻንጣ የሚሆን ነገር አይደለም። አስመጪ ያስፈልገዋል፤ አስመጪ ደግሞ ጠያቂ ይፈልጋል። እማማ በየቀጠሯቸው ደረታቸው ይደመጣል፣ ፓፋቸው ይታዘዛል፤ ስለ ክትባት ያነሳባቸው ሐኪም ግን የለም። ቢጻፍላቸው ልጆቻቸው ከተማውን አስሰው ይፈልጉት ነበር።

እሳቸውም እምቢ አላሉም። "ሐኪሜ ካለኝ እወጋለሁ። አንተን ግን አላምንህም፤ አሜሪካ የሄደ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ነው የሚመለሰው።"