ያገለገለውን ቀለበት መልሳችሁ አትግጠሙት

እናቴ ደብረ ማርቆስ አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን። የማሰሮውንና የመቃውን መገናኛ በሊጥ ትመርገዋለች። እንፋሎቱ በትንሽ ስንጥቅ ካመለጠ ልፋቷ ሜዳ ቀረ ማለት ነው። በሌላ ቀን ስትጥድ የደረቀውን ሊጥ ፍቃ ጥላ አዲስ ታቦካለች። የትናንቱን ስትመልሰው አይቼ አላውቅም።

እኔ የፋብሪካ ጥገና ሠራተኛ ሆንኩ። እናቴ የማታደርገውን፣ ያገለገለ ማሸጊያ መልሶ መግጠምን፣ ስናደርግ ያየሁት እዚያ ነው።

ከፍተኛ ግፊት ባለበት መስመር ሁለት ቧንቧዎች በፍላንጅ ይገናኛሉ፤ ፍላንጅ በቧንቧው ጫፍ ላይ ያለ፣ በብሎን የሚታሰር ክብ የብረት ጠርዝ ነው። በፍላንጆቹ ፊት ላይ ክብ ቦይ አለ። ቦዩ ውስጥ የብረት ቀለበት ይቀመጣል፤ ጋስኬቱ፣ ማለትም መገናኛውን የሚያሽገው፣ እሱ ነው። በነዳጅ ጉድጓድ አፍ ላይ የሚገጠመው ቢኤክስ የሚባለው ዓይነት እስከ 20,000 ፒኤስአይ፣ ማለትም 1,400 ባር ገደማ፣ ግፊት ይችላል። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድጓድ የለም። ፋብሪካ ግን እየበዛ ነው። የምግብ ዘይት ሲጣራ ሽታው የሚወጣለት ከ200 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነው። ለዚህ የሚውለው እንፋሎት ከ60 ባር ሊያልፍ ይችላል። የቤት መኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል ገደማ እንደሚይዝ አስቡ።

የቀለበቱ ምስጢር ከፍላንጁ መለስለሱ ነው። ለስላሳ ብረት ከሆነ ጥንካሬው በብሪኔል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ከ90 እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ብሎኖቹ በመስቀለኛ፣ ደረጃ በደረጃ ሲጠብቁ ቀለበቱ ይጨፈለቅና የቦዩን ግድግዳ ይሞላል። በዚያው ቅርጹ ይቀየራል፣ ይጠነክራልም። ስለዚህ አንዴ የተፈታ ቀለበት ሥራውን ጨርሷል። ሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይሞላም።

አንድ ሌሊት እኛ አሮጌውን መልሰን ገጠምነው። ስቶር ውስጥ አዲስ አልነበረም፣ አለቃችንም ምርት እንዳይቆም ቸኩሎ ነበር። በሁለቱ ፍላንጆች መካከል ክፍተት ሲቀር ደንግጠን በረጅም መፍቻ አጠበቅን። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። እኛ በገጠምነው፣ አር በሚባለው ዓይነት ቀለበት ክፍተቱ መኖር ያለበት ነገር ነው፤ ማንም አላስተማረንም። ሲሊኮንም ቀባንበት። ሊነጋ ሲል መስመሩ ማፏጨት ጀመረ። የጋለ እንፋሎት ደግሞ ሲወጣ አይታይም፤ ነጭ ሆኖ የምናየው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ጓደኛዬ እጁን ወደ ድምፁ ሲሰድ ጎትቼ አስቀረሁት።

ቶርኖ ቤት ሄዶ ከተገኘው ብረት ማስቀረጽም መፍትሔ አይደለም። የባለሙያው እጅ የተባረከ ሊሆን ይችላል። የብረቱን ጥንካሬ ግን ማን ለካው? ከፍላንጁ ከጠነከረ ቦዩን ይበላዋል። ያኔ ከአንድ ቀለበት ይልቅ ፍላንጁን ቆርጦ መቀየር ይመጣል። ትክክለኛው ቀለበት ቁጥሩና የብረቱ ዓይነት ጎኑ ላይ ተቀርጾበታል። አር 45 የሚለው ለምሳሌ ለ6 ኢንች ቧንቧ ነው።

የግዢ ክፍሎችን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። መስመር ለጥገና ከመቆሙ ወራት በፊት የሚከፈቱትን ፍላንጆች ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ አንድ አዲስ ቀለበት፣ ለየመጠኑም መጠባበቂያ ስቶር ይግባ። የተፈታውን ደግሞ እዚያው በመጋዝ ቁረጡት፤ በሌሊት ሽፍት የሚቸኩል ሰው መልሶ እንዳያነሳው።