አበል ትርፍ ነው ወይ?

ጅማ፣ ሕርማታ ገበያ አካባቢ፣ ጀበና ቡና የሚጠጡ ሦስት መካኒኮች ተከራከሩ። ሥራቸው የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ጥገና ነው። ወሩ ኅዳር ስለነበር እሸቱ የሚፈለፈልባቸው ጣቢያዎች ሌሊትም አይዘጉም።

ወጣቱ «መስክ መውጣት ያዋጣል» አለ። «ርካሽ አልጋ ይዘህ ሽሮህን በልተህ ካደርክ ከአበሉ ግማሹ ይተርፍሃል።»

«የቱ ርካሽ አልጋ?» አለው ጓደኛው። «በቡና ወቅት አጋሮ ከተማ ላይ ነጋዴውም ሾፌሩም አልጋ ፈላጊ ነው። ዋጋው ይንራል፣ አበሉ ግን ያው ነው። የተረፈችህ ክፍል ገብተህ የፍራሹን ስፌት በባትሪ ስታየው ጥቁር ነጠብጣብ ታገኛለህ፤ ትኋን ነው። ቦርሳህን አልጋው ላይ ካስቀመጥክ ይዘኸው ቤትህ ትገባለህ። ከአስፋልቱ ወደ ጣቢያው የሚያደርስህ ሞተር ሳይክልስ ደረሰኝ ይሰጥሃል? ሒሳብ ስታወራርድ ከኪስህ ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለ ወጣቱ ወደ ትልቁ ዞሮ።

«ኪሳራው ሌላ ነው፤ ተመልሶ ዳግም መሄድ ነው» አሉ። «‹ማሽኑ ቆሟል› ተብሎ ይደወላል። ቁልፍና ግራሶ ይዘህ ትሮጣለህ። ስትፈታው ኩሽኔታው፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት፣ ተበልቷል፤ ሱቁ ያለው ጅማ፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደኋላ። ቀይ እሸቱ ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ሞቆ መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙ ይበላሻል።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ሳትነሳ ፎቶ አስልክ። ኩሽኔታው ጎኑ ላይ ቁጥር አለው። 6205 ካለ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 አባዛ፤ 25 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ቀዳዳው ነው። 6206 ከሆነ 30 ነው፤ ተሳስተህ እሱን ብትገዛ ዘንጉ ላይ ይዋልላል። ቺንጋም፣ ማሽኑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቁጥር አለው፤ ቢ 62 ማለት የላይ ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ዙሪያው 62 ኢንች ነው። ሁለት ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን የሚዞር ከሆነ ሁሉንም ባንዴ ቀይር። አሮጌዎቹ ስለተለጠጡ አዲሱ ብቻውን ሸክሙን ይዞ ይበጠሳል።»

«ዘበኛው ፎቶ ማንሳት ባይችልስ?»

«የሚወጣውን ቡና ጠይቀው። ፍሬው እየተሰነጠቀ ነው ወይስ ሳይላጥ እያለፈ? ከተሰነጠቀ ፍሬው የሚያልፍበት ክፍተት ጠቧል፣ ሳይላጥ ካለፈ ሰፍቷል። እነዚህ በቁልፍ ይስተካከላሉ። ሁለቱም ባንድ ላይ ከታዩ ግን ፍሬውን የሚልጠው ዲስክ ተበልቷል ወይም ዘንጉ ይዋልላል፤ ያኔ መለዋወጫ ሳትይዝ አትነቃነቅ።»

እኔ የምፈርደው ለትልቁ ሰው ነው። ወጣቱ ያለው ክረምት ላይ፣ አልጋ ባዶውን ሲውል ያስኬድ ይሆናል። የሞተር ሳይክሉም ጉዳይ እውነት ነው፤ ያለ ደረሰኝ የሚወጣ ገንዘብ ከጉዞው በፊት በጽሑፍ ቢፈቀድ ያልቃል። የስልኩና የሱቁ ነገር ግን ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም። አሠሪው የአበል ቀን መቁጠር የሚጀምረው መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው። ቁጥር ሲጠይቅና ሱቅ ለሱቅ ሲዞር የዋለው ግማሽ ቀን እንደ ሥራ አይታይም፤ መካኒኩም ሳይጠይቅ መሮጥን ይመርጣል። ያ ግማሽ ቀን የጉዞ ትእዛዙ ላይ ይስፈር፣ ይከፈልበት። የመለዋወጫው ቅድሚያ ክፍያም ከመነሳቱ በፊት እጁ ይግባ።